የጎሮው ዘር ጥፋት የኦቦ አማን አልነበረም

ኦቦ አማን ገመዳ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጎባ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እኔ የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ሮቤ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ነው። ከጎሮ ቅርንጫፍ ፍላሽ ሊያደርስልኝ የመጣ ሾፌር «ያ የመጋዘኑ ሽማግሌ አረፉ አሉ» ብሎ እንደ ዋዛ ነገረኝ። ሌላ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ማን ይነግረኛል? ልጃቸው አይደለሁም፣ ዘመዳቸው አይደለሁም፣ በእምነትም አንድ አይደለንም። ጎባ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠበቀው ከመንገዱ ይረዝማል። እኔ ግን በዚያ መንገድ ከሄድኩ ወራት አልፈውኝ ነበር።

ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ሁለት የዩኒየናችን ሰዎች ከኋላዬ ያወራሉ።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለ አንዱ። «ያ የጎሮ ዘር ነገር ባይበላሽባቸው ኖሮ በክብር ነበር ጡረታ የሚወጡት።»

«እርጅና ነው፤ ካርዱ ተምታታባቸው። አላህ ይማራቸው» አለው ሌላው።

ዞር ብዬ ልናገር ነበር። የለቅሶ ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ። በዚህ ነገር ዝም ስል ሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ ሦስተኛ እንዲኖር አልፈልግም። ስለዚህ ኦቦ አማንን ለምታውቁ ሁሉ፣ በተለይ ለዩኒየኑ ሠራተኞችና ለጎሮ ገበሬዎች፣ ሳላጠማዝዝ ልንገራችሁ። ያን ዓመት ዘር ጎሮ እንዳይደርስ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኦቦ አማን ምንም አልተምታታባቸውም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አራት ዓመት አልሞላኝም። የመጀመሪያ ሥራዬ ሮቤ የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኑ ውስጥ ነው፣ በኮንትራት። የተቀጠርኩት ዳታ ዌርሃውስ እንድሠራ ነበር። ምን እንደሆነ ለማያውቅ በአጭሩ ልናገር። ዩኒየኑ አምስት ክፍል አለው፤ እህል ግዢ፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ትራንስፖርትና የሃረና ቡና። አምስቱም የየራሳቸው ደብተርና ኤክሴል አላቸው። ስብሰባ ላይ «ከሲናና ወረዳ ስንት ኩንታል ስንዴ ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሦስት ሰው ተነስቶ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይናገራል። ሦስቱም ይምላሉ። እኔ የሁሉም መረጃ አንድ ቦታ ገብቶ፣ ተጣርቶ፣ አንድ ሪፖርት ብቻ የሚወጣበትን ሲስተም መንደፍ ነበረብኝ።

ኦቦ አማን ያን ጊዜ የዋናው መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ሥራ አስኪያጃችን ይዞኝ ሄዶ «ኦቦ አማን፣ ይቺ ልጅ የመረጃ መጋዘን ልትሠራልን ነው የመጣችው» ብሎ አስተዋወቀኝ። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ።

«ጣሪያው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጣሪያ የለውም» አልኩ።

«እንግዲያው ስንዴውን ዝናብ ይመታዋል።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዲግሪዬን ይዤ አገር አቋርጬ መጥቼ የመጋዘን ሽማግሌ ሊቀልድብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። እንዲህ ነበርኩ። አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ሥዕል ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ሳጥን፣ ቀስት፣ ሳጥን። «ነይ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ «ልጄ» ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። መጋዘኑ ውስጥ አስገቡኝ። በሩ አጠገብ ከመኪና የወረደ ጆንያ ክምር አለ።

«ይህን እስኪመረመር ማንም አይነካውም» አሉ። «ገለባም ይኑረው፣ አፈርም ይኑረው፣ እንደመጣ ይቀመጣል። ነገ ገበሬው መጥቶ ያመጣሁት ይህ አይደለም ቢለኝ ምን አሳየዋለሁ? ይህንን ነው የማሳየው።» ከዚያ ወደ ማበጠሪያው፣ ከዚያ ወደ ተደረደረው ወሰዱኝ። እያንዳንዱ ድርድር ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ የየትኛው ማኅበር እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ስንዴ እንደሆነ፣ ማን እንደመዘነው፣ የየትኛው ወቅት እንደሆነ። «ከየት መጣህ ሳልለው የማስገባው እህል የለም» አሉ።

ከቅርንጫፍ የሚመጣ ፋይል ለምን ሳይነካ መጀመሪያ ብቻውን መቀመጥ እንዳለበት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ለፈተና ነው ያወቅኩት። ምክንያቱ የገባኝ እዚያ ጆንያ አጠገብ ነው። ያን ቀን ተመልሼ ሥዕሌን ቀደድኩና እንደ አዲስ ሠራሁት። መጀመሪያ መቀበያ፣ ፋይሉ እንደመጣ የሚቀመጥበት። ቀጥሎ ማበጠሪያ፣ የአምስቱ ክፍል የማኅበርና የእህል ስም ወደ አንድ ዝርዝር የሚመጣበት። ከዚያ ዋናው ማከማቻ። መጨረሻ ላይ ለየክፍሉ የሪፖርት መስኮት። ሥራ አስኪያጁ ሲያሞግሰኝ ግማሹ የኦቦ አማን እንደሆነ አልነገርኩትም። ይህም ይጻፍልኝ።

ሮቤ ማንንም አላውቅም ነበር። ኦሮምኛ አልችልም፤ ቢሮው ውስጥ ሰው ሲስቅ በኔ እየሳቁ ይመስለኝ ነበር። ምሳዬን ዳቦ ይዤ ኮምፒውተሩ ፊት እበላለሁ። አንድ ቀን ኦቦ አማን በበሩ ሲያልፉ አዩኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የኔ። ረመዳን ሲገባ አንድ ብቻ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። እየጾሙ አምጥተው እኔ ልበላ!

«አልበላም፣ ያሳፍረኛል» አልኳቸው።

«ጾሙ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ብይ።»

በኔ ጾም ጊዜ ደግሞ ቅቤ እንዳይገባበት አዘዙ። «አዴ ሶፊያ ዛሬ ሰድባኛለች» አሉኝ፤ አዴ ሶፊያ ባለቤታቸው ናቸው። «ቅቤ የሌለው ጭኮ አስይዤ ብልክህ ሰው ድሃ ይለኛል አለችኝ።» የገብሱን ጭኮ በዘይት አሹት። እውነቱን ለመናገር አይጥምም ነበር። ሙልጭ አድርጌ በላሁት።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ባሌ ደጋ ስንዴ በዓመት ሁለቴ ይዘራል፤ አንዴ ለበልግ፣ አንዴ ለመኸር። እናንተ ይህን ከሕፃንነታችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ባደግኩበት አገር የማውቀው አንድ አዝመራ ነው። ሲስተሙን ስነድፍ ጊዜውን በበጀት ዓመት አደረግኩት፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ ዓመት፣ ሩብ ዓመት፣ ወር። ወቅት የሚባል ነገር አላስገባሁም። ኦቦ አማን የሙከራ ሪፖርቱን ገና ሲያዩት ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ።

«የበልጉ የታለ?»

«ዓመቱ ውስጥ አለ ኦቦ አማን። ሲከፍቱት ወሩ ይመጣል።»

«ወሩን አይደለም፤ ወቅቱን ነው የጠየቅኩሽ። ለበልግ የተዘራ ዘር ለመኸር የለም። ይህ ወረቀት ግን አለ ሊል ነው።»

«እሺ፣ በኋላ እጨምረዋለሁ።»

ከሳምንት በኋላ ደግመው ጠየቁኝ። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን አንድ ወጥ ሪፖርት በሐምሌ ስብሰባ አሳያለሁ ብሎ ለአባላት ቃል ገብቷል፣ መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ እኔ ተጨናንቄያለሁ። እንዲህ አልኳቸው፤ «ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው ኦቦ አማን፣ የርስዎ ካርድ አይደለም።» ቃል በቃል ይህን ነው ያልኩት። «እሺ» አሉና ወጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በሽታ ጣላቸው። ሁለት ሳምንት ጎባ ቤታቸው ተኙ። ሪፖርቱ የወጣው በዚያው መሃል ነው። አንድ ገጽ፣ ንጹሕ፣ የአምስቱም ክፍል ቁጥር የተስማማበት። ተጨበጨበልኝ። ሪፖርቱ የጎሮ ማኅበራት በቂ የራሳቸው ዘር እጃቸው ላይ አለ ይላል። እነሱ ግን በጥር የሰበሰቡትን ዘር በመጋቢት ለበልግ ዘርተውታል። የኔ ሲስተም በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚዘራ ስለሚያውቅ ዘሩ ጎተራ ውስጥ እንዳለ ቆጠረው። ለጎሮ ሊጫን የነበረው ዘር ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ።

የጎሮ ገበሬዎች ጠብቀው ጠብቀው ሲያቅታቸው ተሰባስበው ሮቤ ግቢያችን መጡ። ፊት የቆሙት የማኅበራቸው ሊቀመንበር ኦቦ ጀማል ነበሩ።

«ዘራችን የታለ?» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አወጣ። «እጃችሁ ላይ አለ ይላል እኮ።»

ኦቦ ጀማል ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። «ይኸው እጃችን። ፈትሸው።»

በመስኮት እያየሁ ነበር። ዘር ተፈልጎ ሲደርሳቸው የመዝሪያው ጊዜ አልፏል። ዘግይቶ የበቀለው ስንዴ ፍሬው ሳይሞላ ዝናቡ ቆመ። አዝመራቸው ምን እንደሆነ እነሱ ያውቁታል፤ እኔ አልነግራቸውም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግምገማ ተጠራ። እንዴት እንደነበር ታስታውሱታላችሁ፤ ያጠፋ ሰው ተነስቶ ግለ ሂስ ይወስዳል፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፍራል። ሥራ አስኪያጁ «የጎሮ ቁጥር ከማን ነው የመጣው?» አለ። እነሳለሁ እያልኩ ሳልነሳ፣ ከበሽታቸው የተመለሱት ኦቦ አማን ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

«ከኔ ካርድ ነው» አሉ። «በልጉንና መኸሩን ሳልለይ ሰጠኋት። ልጅቷ ያስገባችው የሰጠኋትን ነው።»

ያ ካርድ ስንት ዓመት ሙሉ ተለይቶ ሲጻፍ ኖሯል። መጋዘኑ ከስብሰባ አዳራሹ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ተነስቶ ካርዱን ቢያይ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ማንም አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም።

መጋዘኑ ጀርባ ደረስኩባቸው።

«ለምን ዋሹ?» አልኳቸው።

«ኮንትራትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በሚቀጥለው ወር።»

«ያው ነው እንግዲህ። አንቺን ያሰናብታሉ፣ ኮምፒውተሩንም ይዘጉታል፣ ወደ አምስቱ ደብተር እንመለሳለን። እኔን ወዴት ያባርሩኛል? ወደ ቤቴ ነው።»

«እናገራለሁ።»

«ብትናገሪ እኔን ውሸታም ታደርጊኛለሽ። ተይው። በልጉን ለዪልኝ፣ እሱ ይበቃኛል።»

ደስ አለኝ። መጻፉ ያስጠላኛል፤ ግን ያን ሰዓት የተሰማኝ ጸጸት አልነበረም፣ ደስ ነው ያለኝ። ጸጸቱ ቆይቶ ነው የመጣው።

ኮንትራቴ ታደሰ። እሳቸው ከዋናው መጋዘን ተነስተው ጎባ ወዳለችው ትንሿ መጋዘን ተዛወሩ። ጎባ ያለችው ማዳበሪያ ሲመጣ ካልሆነ ባዶ ናት። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ባዶው ወለል ላይ አንድ ወንበር አድርገው፣ በሩን ከፍተው ይቀመጣሉ። የሚገባ የለም፣ የሚወጣ የለም። እኔ ስመጣ መነጽራቸውን ያወርዳሉ፤ ወረቀቴን እዘረጋለሁ።

«የሃረናስ ቡና?» አሉኝ አንዴ። «እሱ ከጫካ የሚለቀም ነው፤ ማንም አልዘራውም። ወቅቱን ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

ተመልሼ ለእያንዳንዱ ሰብል የራሱን ወቅት ሰጠሁት፤ የበጀት ዓመቱን ለብቻው፣ የገበሬውን ወቅት ለብቻው አደረግኩ። ዛሬ ሁላችሁም የምትጠቀሙበት የቀን መቁጠሪያ እዚያ ባዶ መጋዘን ውስጥ የተነደፈ ነው። በቀጣዩ ዓመት የጎሮ ዘር በጊዜው ደረሰ፤ አመስጋኙም የመጣው ወደኔ ነበር።

ቋሚ ሆኜ ስቀጠር በወር አንዴ መሄድ ጀመርኩ፤ ኋላ ጭራሽ ቀረሁ። ሥራ ነበረብኝ። እውነት ነው፣ ሥራ ነበረብኝ። ግን ደግሞ ያን ወንበር ማየት አልፈለግኩም። ሲደውሉ «ስብሰባ ላይ ነኝ ኦቦ አማን፣ እደውላለሁ» እላለሁ። አልደውልም። መጨረሻ የደወሉልኝ ከማረፋቸው በፊት ባለው ወር ነው። ምን ሊሉኝ እንደነበር አላውቅም።

ለቅሶው ቤት ሴቶቹ ጋ ገብቼ አዴ ሶፊያ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰው ሲቀንስ ጠጋ አልኩና «የጎሮው ነገር የኔ ጥፋት ነበር» አልኳቸው። ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሱ።

«ሰላሳ ዓመት በልግና መኸር ሲለይ የኖረ ሰው ነው» አሉኝ። «ሌላውን ቢያሞኝ እኔን ያሞኛል? መዋሸቱንማ አውቄያለሁ። ለማን ብሎ እንደሆነ ግን ጠይቄው ጠይቄው አልነገረኝም።»

ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም። ምሳዬን የሠሩልኝ ሴት፣ ልጅቷ ናት ቢሏቸው እንዲጠሉኝ አልፈለጉም። በኔ ምክንያት በአንድ ቤት ውስጥ ባል ከሚስቱ አንድ ነገር ደብቆ ኖረ። አዴ ሶፊያ እጄን ያዙኝ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ጠየቅኩ። «ሰውዬው ካለፉ በኋላ ምን ይጠቅማቸዋል?» አለኝ። «አንቺንም ይጎዳሻል። ተይው ይለፍ።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ያዘነልኝ መስሎት ነው። እኔ ግን በዚህ ነገር የታዘነልኝ ይበቃኛል። የድሮዎቹን ካርዶች ከመጋዘን አውጥቼ፣ የጎሮው በልግና መኸር ተለይቶ የተጻፈበትን ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ ለቦርዱ አስገብቻለሁ። ይህንንም ጽሑፍ ዩኒየኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ለጎሮ ደግሞ ኦቦ ጀማል በኦሮምኛ አድርገው በማኅበራቸው ስብሰባ ሊያነቡልኝ ቃል ገብተዋል። ስነግራቸው «እኛ እኮ ሰላምታ ነፍገናቸው ነበር» አሉኝ። ይህንን አላውቅም ነበር። ጎሮ ገበያ ሲወጡ ፊት ይነሷቸው ኖሯል፤ እሳቸውም አንድ ቀን አንስተውልኝ አያውቁም።

ኦቦ አማን፣ ከርስዎ ጋር ልጨርስ። አማርኛዬ ፈጣን ነው ይሉኝ ነበር፤ ዛሬ ቀስ እላለሁ። ቢሮው ውስጥ አሁን ብዙ ሰው ያውቀኛል፣ ኦሮምኛም ለምጃለሁ፣ ሲስቁ በምን እንደሚስቁ ይገባኛል። ቢሆንም አንድ ሪፖርት ሲወጣ ጣቱን አስቀምጦ «ይሄስ የታለ?» የሚለኝ ሰው የለም። ሁሉም ያምነኛል። ይህ ያስፈራኛል።

አላህ ሰፊ በሆነው ጀነቱ ያኑርዎ። እኔ ዱዓውን አላውቅበትም፤ አዴ ሶፊያ ሲሉ ሰምቼ አሚን ነው ያልኩት። እንዳልናገር ለምነውኝ ነበር። ስለ በልጉ ልክ በነበሩበት ጊዜ በሕይወት ሳሉ አልሰማሁዎትም። በዚህኛው ግን ልክ አልነበሩም፤ ስለዚህ ዛሬም አልሰማዎትም። ሰላምታው ዘግይቶም ቢሆን ከጎሮ ይመጣልዎታል። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ።